ተራራው ባዶ አይደለም፦ በአበባው ወራት ዳገት ለምንወጣ ሁሉ ማሳሰቢያ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ አበባም ዳገቱን ቢጫ ሲያለብሰው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጦ መዋል ያቅታል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት እሑድ ጧት ቦርሳ ያነገቡ ጓደኛሞች በየአደባባዩ ሚኒባስ ሲጠብቁ ማየት ለምደናል። አንዱ ቡድን ወደ እንጦጦ፣ ሌላው ወደ ወጨጫ፣ ሌላው ወደ የረር፣ ቀን ያጠረበት ደግሞ ወደ ፉሪ ያቀናል። ደግ ልማድ ነው። ሳምንቱን በወንበርና በታክሲ ሰልፍ የጨረሰ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ዳገት ወጥቶ ቢያልበው፣ የሚኖርበትን ከተማም አንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ ቢያየው የሚጠላ የለም።

ይሁንና እርስ በርሳችን ልንነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ሃይኪንግ እያልን የምንወጣበት ተራራ ባዶ ቦታ አይደለም። ግርጌው ማሳ ነው፤ ወገቡ ግጦሽና ደን ነው፤ አናቱ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አለ። እኛ ከሰዓት በኋላ ወርደን፣ ማታ ገላችንን ታጥበን እንተኛለን። የረገጥነው ጤፍ፣ ያስበረገግነው ከብት፣ የጣልነው ፌስታል ግን እዚያው ከባለቤቶቹ ጋር ያድራል። በሚቀጥለው እሑድ የሚመጣው ቡድን ሰላምታ ማግኘቱም ሆነ ፊት መነሳቱ እኛ ጥለነው በሄድነው ስም ይወሰናል።

ይህ ማሳሰቢያ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የወጣ አይደለም፤ እንደ ጎረቤት የተጻፈ ነው። ክፉ አስቦ ተራራ የሚወጣ ሰው የለም። ጥፋቱ የሚመጣው ካለማወቅና ከግርግር ነው፤ ሁለቱም ቀድሞ በመነጋገር ይቀንሳሉ።

ከቤት ሳንወጣ

እናድርግ፦

• የምንሄድበትን አካባቢ ሰላም እዚያው ካለ ሰው ጠይቀን እንወስን፤ ባለፈው ወር ደህና የነበረ መንገድ ዛሬ ደህና ላይሆን ይችላል።

• እንደምንመጣ ለቀበሌው ወይም ለደን ጥበቃው አስቀድመን እናሳውቅ፤ ብዙ እንግዳ ሰው ሳይታሰብ ሲመጣ መንደር ይደነግጣል።

• ከአካባቢው መንገድ መሪ እንያዝ፣ ዋጋውንም ከመነሳታችን በፊት እንቁረጥ፤ ከወረድን በኋላ የሚነሳ ጭቅጭቅ ለቀጣዩ ቡድን ይተርፋል።

• መስመራችንንና የመመለሻ ሰዓታችንን ቤት ለሚቀር ሰው እንንገር፤ ብንዘገይ ከየት ፍለጋ እንደሚጀምር ይወቅ።

• ሁለት ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስና ፋሻ በየግላችን እንያዝ፤ ያልያዘ ሰው የሚጠጣው የጓደኛውን ድርሻ ነው።

እንተው፦

• ገና ባልለመድነው ጫማ አንውጣ፤ የአንዱ ተረከዝ ሲላጥ የሁሉም ጉዞ ይጓተታል።

• ከሃያ ሰው በላይ ሆነን በአንድ መስመር አንሂድ፤ ጠባብ መንገድ ሲሞላ የሚረገጠው ዳር ያለው ማሳ ነው።

• ሾፌሩን "ቶሎ በል" አንበል፤ እሑድ ጧት በመንገዱ ዳር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አዛውንቶች አሉ።

ስለ ምግብ ጥቂት ልጨምር። የአበባው ወራት የጽጌ ወራት ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ ብዙ ናቸው። በቡድናችን ውስጥም ክርስቲያንና ሙስሊም ጓደኞች አብረው ይሄዳሉ፤ ሥጋ ከመጣ ምሳው ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በጋራ የሚበላው የጾም ይሁን። በሶ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ ይዞ የመጣ ሁሉንም ያስማማል፤ ከዳገት በኋላ ደግሞ በሶ በማር የሚያህል የለም። ሌላ የፈለገ በየግሉ ይያዝ።

በማሳ መካከል

ጥቅምት ለእኛ የአበባ ወር ነው፤ ለገበሬው ግን የስጋት ወር ነው። የለፋበት ሰብል ገና ሳይታጨድ ማሳ ላይ ቆሟል። በረዶው፣ ያልጠበቀው ዝናብ፣ ውርጩም ያሳስበዋል። በዚያ ላይ እኛ አንጨመርበት።

ጤፍን እንውሰድ። አገዳው ቀጭን ነው፤ አንዴ ከጋሸበ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ አይቆምም። ፍሬው መሬት ነክቶ ይሻግታል፤ ለማጭድም አይመችም። ፎቶ ለመነሳት ሁለት እርምጃ ገብቶ መውጣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፎቶው ሲያምር ከኋላ ያለውም ይገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣውም ያንኑ ቦታ ፈልጎ ይገባል። ወሩ ሳያልቅ ማሳው መሃል መንገድ ወጥቶበት ይገኛል።

እሸትም ሌላው ፈተና ነው። የባቄላና የአተር እሸት ከመንገድ ዳር ተንዠርግጎ ሲታይ እጅ ይሰዳል። መንገደኛ እሸት ቢቀምስ ባገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ያ ደግነት ግን ደክሞት ለሚያልፍ ለአንድ ለሁለት ሰው የተተወ ነበር። ሃያ ሰው እፍኝ እፍኝ ከቀጠፈ የአንድ ቤት ቀለብ ይጎድላል። ባለቤቱ ካለ እንጠይቀው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ቆርጦ ይሰጠናል፤ ገንዘብ ስንሰጠው "ተዉት" ቢለንም እንስጠው። ባለቤቱ ከሌለ እሸቱም የለም።

እናድርግ፦

• በማሳ ወሰን ላይ አንድ በአንድ ተከታትለን እንለፍ፤ ጎን ለጎን ስንሄድ መንገዱ በሰብሉ ላይ ይሰፋል።

• የከፈትነውን የአጥር በር መልሰን እንዝጋ፤ አንዲት ላም ሰብል ከገባች ሁለት ጎረቤት ይጣላል።

• መንገዱ ጭቃ ቢሆንም በጭቃው እንሂድ፤ ጫማ ይታጠባል፣ የተረገጠ ስንዴ ግን አይመለስም።

• ወደ ሰው ግቢ ስንቃረብ ከሩቅ "ቤቶች! ውሻ ያዙልን!" እንበል፤ ውሻው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ባለቤቱም ይዘጋጃል።

እንተው፦

• ለድርቆሽ የተከለለ ሣር ላይ አንቀመጥ፤ የተጠፈጠፈ ሣር ለማጭድ አይያዝም፣ ከብቱም በበጋ ይራባል።

• አደይ አበባ በእቅፍ አንንቀል፤ ዘሩን ሳይጥል የተነቀለ ለመጪው መስከረም አይደርስም።

• ውሻ ሲመጣ አንሩጥ፣ በድንጋይም አንምታ፤ መሮጥ ያስነክሳል፣ መምታት ደግሞ ከባለቤቱ ያጣላል።

• እረኛውን ልጅ ፎቶ አንሺ ወይም ሻንጣ ተሸካሚ አናድርገው፤ ከብቱ ሰብል ቢገባ የሚገረፈው እሱ ነው።

ሰው ስናገኝ

ዳገት ላይ ሰላምታ ግዴታ ነው። ከተማ ውስጥ አንገት ደፍቶ ማለፍ ለምደናል፤ እዚህ ግን ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ወይ ጠብ ይፈልጋል ወይ ይደብቃል ተብሎ ይታሰባል። በወጨጫና በየረር ዙሪያ የአብዛኛው ሰው አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው። "አካም ጅርቱ" ብለን ብንጀምር፣ ስንለይም "ገለቶማ" ብንል የብዙ ሰው ፊት ይፈታል። አነጋገራችን ቢያስቅ እንኳ ያ ሳቅ ለኛ ጥቅም ነው።

እንጦጦ ላይ ደግሞ ቆም ብለን ልናስብላቸው የሚገቡ አሉ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የከተማዋ ምድጃ ለብዙ ዓመት የነደደው ከዚህ ተራራ በሴቶች ጀርባ በወረደ ጭራሮና ቅጠል ነው። ዛሬም ቢሆን ጎንበስ ብለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አስረው ሲወርዱ የምናያቸው እናቶች አሉ። እኛ ለመዝናናት የወጣነውን ዳገት እነሱ ለእንጀራ ይወርዱታል። ሸክም ያለው ሰው ከቆመ እንደገና መነሳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ መንገድ የምንለቀው እኛ ነን፤ የምንቆመውም ወደ ተራራው ጎን ተጠግተን እንጂ በገደሉ በኩል አይደለም።

እናድርግ፦

• ለሸክም፣ ለከብትና ለፈረስ ቅድሚያ እንስጥ፤ እኛ ጊዜ አለን።

• ጧት ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ሲመጡ ዳር እንያዝ፤ እንጦጦ ለአትሌቶቻችን የሥራ ቦታ ነው።

• ውሃም ሆነ ቡና ከመንደሩ ሱቅ እንግዛ፤ ተራራውን የሚጠብቁት ሰዎች ከኛ መምጣት አንድ ነገር ያግኙ።

እንተው፦

• ሳናስፈቅድ ሰው ፎቶ አናንሳ፤ የድካም ፊት ለማንም ትዕይንት አይደለም።

• ለሕፃናት ከረሜላና ሳንቲም አንበትን፤ ትምህርት ትቶ መንገድ ላይ መቆምን እናስለምዳለን።

• ባዶ ሃይላንድ ከመኪና መስኮት አንወርውር፤ ልጆች ሊሻሙት ሲሮጡ ከኋላ የሚመጣ መኪና አለ። ልንሰጣቸው ከፈለግን ወርደን በእጃቸው እንስጥ፤ ዕቃው እንደሆነ ለውሃ መቅጃ ይጠቅማቸዋል።

ዳገቱ ላይ

አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የእንጦጦ ሸንተረር 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከተማው ውስጥ ለምንኖር ይህ ልዩነት ትንፋሽ ያስረዝማል እንጂ አይከፋም። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለበዓል የመጡ ዘመዶቻችንን ግን እናስብ። በዝቅተኛ ቦታ የኖረ ሰው ከአውሮፕላን በወረደ ማግሥት ተራራ ቢወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። እሱ ደግሞ "ደህና ነኝ" ይላል፤ እንግዳ ነዋ፣ ጉዞውን ማበላሸት ያፍራል። ጥቂት ቀን ይረፍ፤ ከወጣም በኋላ ራሱን ካመመው መድኃኒቱ መውረድ ነው። አንድ ሰው አብሮት ይውረድ፤ ብቻውን አይላክ።

ብርዱም አያታልለን። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይወርዳል፤ በላብ የራሰ ሰው አናት ላይ ነፋስ ሲያገኘው ይንቀጠቀጣል። ፀሐይዋ ደግሞ ብርዱ እያለ ታቃጥላለች፤ ኮፍያ ያላደረገ ማታ ፊቱ ይላጣል።

እናድርግ፦

• ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ እንነሳ፤ ዳመናው የሚከማቸው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው።

• የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ቀርፋፋው ይሁን፤ የተተወ ሰው ለመድረስ ሲጣደፍ ይወድቃል።

• መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ሁልጊዜ ከኋላ ይሁን፤ ከፊት መሪ ብቻ ያለው ቡድን ጭራውን ይጥላል።

• ነጎድጓድ ስንሰማ ከሸንተረሩ ወዲያው እንውረድ፤ መስከረም ሙሉ ዝናቡ ገና አልጨረሰም።

• ሴቶች ለመጸዳዳት የሚመቻቸው የማረፊያ ቦታ አስቀድመን እንምረጥ፤ አፍራ ውሃ ሳትጠጣ የምትሄድ ጓደኛ ትታመማለች።

• ዙሁር የሚሰግዱ ጓደኞቻችንን ሰዓት ከምሳ ዕረፍቱ ጋር እናስማማ፤ እየተጣደፉ መስገድ አይገባቸውም።

እንተው፦

• ጠመዝማዛውን መንገድ ቆርጠን ቀጥ ብለን አንውረድ፤ የተገፈፈውን አፈር ጎርፍ ይዞት ይሄዳል፣ ከርሞ ቦረቦር ይሆናል።

• ከብቸኛ ዛፍ ሥር ከዝናብ አንጠለል፤ መብረቅ ረጅሙን ይመርጣል።

• "ትንሽ ነው የቀረን" አንበል፤ ያልሆነ ተስፋ የደከመን ሰው ይበልጥ ያደክመዋል።

• ለመውጣት ፈቃደኛ ያልሆነን አንጎትት፣ አንሳቅበትም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅም የጉዞው አካል ነው።

ጫፍ ካልደረስን ቀኑ ባከነ የሚሉ ወዳጆች አሉን። እኔ አልስማማም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገና ወገብ ላይ ያለ ቡድን ተመልሶ ቢወርድ ምንም አልጎደለበትም። ተራራው እሑድን ጠብቆ አይሄድም።

ከጫካው ጋር

በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን የዛሬ ሥራ አይደለም። እንደሚነገረው ከሆነ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ንጉሥ፣ ስንት መጥረቢያ አልፎበታል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ ከዚያም በላይ አስታው ዛሬም አለ። ጉሬዛ በቅርንጫፉ ይዘላል፤ ዕድለኛ የሆነ የምኒልክ ድኩላ ያያል። ይህን ሁሉ የምናየው ዝም ስንል ብቻ ነው፤ በጩኸት የመጣ ቡድን የሚያየው ግንድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሳት ነው። ጥቅምት ላይ ሣሩ እርጥብ ስለሆነ ግድ የለም እንላለን። ኅዳር ሲጋመስ ግን ያው ሣር ደርቋል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ አስታም በቶሎ ይያያዛል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ጓሳውና አስታው ሲነድ አይተናል። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ሲረባረብ ሰነበተ፤ በኋላም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደረሰ። ፓርክ ለሚያህል ቦታ ይህ ሁሉ ርዳታ ይመጣል። ለአንድ የየረር ቁልቁለት ማን ይመጣለታል? የሚሮጠው ያው ጎረቤት ገበሬ ነው።

እናድርግ፦

• የመግቢያ ክፍያ ካለ ደረሰኝ ተቀብለን እንክፈል፤ ጥበቃው ያለ ገንዘብ አይቆምም።

• ቡና ከቤት በፔርሙዝ አፍልተን እንያዝ፤ ጫካ ውስጥ ከሰል የምንለኩስበት ምክንያት አይኖረንም።

• ጭስ ካየን ለመንደሩ ሰው ወዲያው እንንገር፣ በከተማው ክልል ከሆንን ደግሞ 939 እንደውል፤ እሳት በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ትንሽ ነው።

እንተው፦

• ሲጋራ አናጭስ፤ ያጨሰም ቁራጩን አጥፍቶ በኪሱ ይዞ ይውረድ፣ አንድ ቁራጭ ለአንድ ሸንተረር ይበቃል።

• ለጉሬዛና ለዝንጀሮ ዳቦ አንስጥ፤ ጉሬዛው ቅጠል በል ስለሆነ ሆዱ ይታወካል፣ ዝንጀሮውም ለምዶ ነገ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል።

• ግንድ ላይ ስም አንቅረጽ፤ ስማችንን የሚያነብ የለም፣ ቁስሉ ግን ለዛፉ በሽታ ማስገቢያ ይሆናል።

• የማናውቀውን ፍሬ አንቅመስ፤ ቀጋና እንጆሪውን መንገድ መሪው ያሳየናል፣ ለወፎችም ይቅርላቸው።

በቤተ ክርስቲያንና በጠበሉ ዙሪያ

እንጦጦ ማርያም የታሪክ ቦታ ናት፤ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 የነገሡባት ናት። ነገር ግን ከታሪክም በፊት የጸሎት ቦታ ናት። በጽጌ ወራት እሑድ ጧት የምናገኛቸው ካህናትና ደባትር ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ሲቆሙ ያደሩ ናቸው። በስፒከር ሙዚቃ እያስጮኽን ከአጥሩ ሥር ብናልፍ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያቅትም።

ጠበል ቦታው ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንጦጦ ላይ ለጠበል የሚመጡ ሕመምተኞች ለወራት ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ። ማንነታቸው እንዲታወቅ የማይሹ ብዙ ናቸው። አንድ ሰው በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ ሲያልፍ ከቤተሰቡ የደበቀውን ሕመም አደባባይ ሊያወጣበት ይችላል።

• ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ ስፒከሩ ይጠፋ፤ ከቅዳሴው ሰውን አናውጣ።

• ወደ ግቢው የምንገባ ከሆነ ነጠላ እንያዝ፣ ጫማም እናውልቅ፤ እምነታችን ሌላ ቢሆንም ክብር የጋራ ነው።

• በጠበሉ አካባቢ ስልክ ከኪስ አይውጣ፤ የታመመ ሰው ምስጢር የራሱ ነው።

• ምንጩ ውስጥ እግር አንታጠብ፤ ከታች የሚቀዳው ለመጠጥ ነው።

ቆሻሻችን ወዴት ይሄዳል?

የእንጦጦ ሸንተረር ውሃን ለሁለት የሚከፍል ነው። በስተ ሰሜን የወረደ ጠብታ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተ ደቡብ የወረደው በአቃቂ በኩል አዋሽን ተቀላቅሎ፣ በአፋር በረሃ አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አንድ ግድየለሽ ቡድን ግራና ቀኝ እየጣለ ከሄደ በአንድ እሑድ ሁለት ተፋሰስ ማዳረስ ይችላል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር አቃቂን ያበላሸነው በዋናነት ከታች፣ ከተማው ውስጥ ነው። በውሃው ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች መከራቸው ከኛ ሁለት ፌስታል አልመጣም። ቢሆንም ላይኛው ጫፍ ንጹሕ ሆኖ መቆየቱ ዋጋ አለው፤ ንጹሕ የቀረውም እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ላም ፌስታል ከዋጠች ደግሞ ሆዷ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀራል፤ የአንድ ቤተሰብ ወተትና ጥሪት ናት።

እናድርግ፦

• እያንዳንዳችን ባዶ ፌስታል ይዘን እንውጣ፣ ሞልተን እንውረድ፤ የሌላ ሰው ቆሻሻ ብናነሳም አያዋርደንም።

• ለመጸዳዳት ከውሃና ከመንገድ ሰባ እርምጃ ያህል እንራቅ፣ ስንዝር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍረን መልሰን እንክደን፤ በዝናብ ጊዜ ሁሉም ወደ ምንጩ ይወርዳል።

• የተጠቀምንበትን ሶፍትና ሞዴስ በሁለት ፌስታል ቋጥረን ይዘን እንመለስ፤ ቀብረነው ብንሄድ ቀበሮና ውሻ ቆፍረው ያወጡታል።

እንተው፦

• "ይበሰብሳል" ብለን የብርቱካን ልጣጭ አንበትን፤ በዚያ ብርድ ወራት ይፈጃል።

• ቆሻሻ ሰብስበን አናቃጥል፤ ላስቲኩ ይመርዛል፣ እሳቱም ያመልጣል።

• የሰበሰብነውን ከመንደሩ ሱቅ ደጃፍ ጥለን አንሂድ፤ እዚያ የቆሻሻ መኪና አይመጣም።

አናቱ ላይ ደርሰን

እዚህ ብዙ አልልም። እንቀመጥ፣ እንብላ፣ አገር እንይ፤ ሰማዩ ከጠራ ከወጨጫ አናት ላይ ብዙ ይታያል።

• በገደል ጫፍ ቆመን ወደ ኋላ እየሄድን ፎቶ አንነሳ፤ ክረምት ያራሰው አፈር ከሥር ይናዳል።

• ድንጋይ ወደ ታች አናንከባልል፤ ከሥር እረኛ ወይም ከብት መኖሩ አይታየንም።

• ያለ ፈቃድ ድሮን አናስነሳ፣ አንቴናና ጥበቃ ያለበትንም ስፍራ አንቅረጽ፤ የአንዱ ጉጉት ሁሉንም ጣቢያ ያሳድራል።

• ሙዚቃ የወደደ በጆሮው ይስማ፤ ጸጥታውን ፈልጎ የወጣም አለ።

ስንወርድ፣ ከወረድንም በኋላ

ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጎዳው በአብዛኛው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ድካሙ አለ፣ ሐሳቡም ቤት ደርሷል። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በኛ አገር ደግሞ ማምሻው አጭር ነው፣ ወዲያው ይጨልማል። የእንጦጦ ጅብ ተረት አይደለም። ስለዚህ ቢዘገይ 11 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ እንድረስ።

እናድርግ፦

• በወረድን ቁጥር ሰው እንቁጠር፤ የጎደለው ሰው የሚታወቀው መኪናው ከተነሳ በኋላ መሆን የለበትም።

• የተጎዳ ሰው ካለ መንገድ መሪውን ወደ መንደር እንላክ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 እንደውል፤ ኔትወርክ በሸለቆ ውስጥ ስለሚጠፋ ደዋዩ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልግ።

• የተረገጠ ማሳ ወይም የፈረሰ ካብ ካለ ባለቤቱን ፈልገን ራሳችን እንንገረው፣ ግምቱንም አዋጥተን እንክፈል፤ ዝም ብለን ከወረድን የሚጠረጠረው የጎረቤት እረኛ ነው።

• የመንገድ መሪውን ስልክ ለሌሎች ቡድኖች እናስተላልፍ፤ የእሑድ ዕረፍቱን ትቶ የመራን ሰው በሌላ እሑድም ገቢ ያግኝ።

እንተው፦

• መኪና ውስጥ ጠጥተን እየጮኽን በመንደር መሃል አንለፍ፤ ጧት ሰላም ያልነው ሰው ማታም ያየናል።

• የሕፃናትንና የሴቶችን ፊት ወላጅና ባለቤቱ ሳይፈቅድ በቴሌግራምና በቲክቶክ አንለጥፍ፤ እነሱ ሳያዩት አገር ያየዋል።

• ሰው ያልበዛበትን ምንጭ ወይም ዋሻ ቦታውን ጠቁመን ለሕዝብ አናሰራጭ፤ መንደሩ ተዘጋጅቶ ሳይጠብቅ መቶ ሰው ይደርስበታል፤ የጠየቀንን ሰው ከመንገድ መሪው ጋር እናገናኘው።